የአባቴ ቀኝ እጅና የግቢያችን ባቡር



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የላካችሁልኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ አባቴ ስትሮክ መቷቸው ከሆስፒታል ወጥተዋል። ፊዚዮቴራፒ ታዞላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አልሠራም ብለው ተቀምጠዋል። ምን ይሻላል?» ዛሬ የምመልስላችሁ እንደ ሐኪም ብቻ ሳይሆን እንደ ልጅም ነው፤ እኔም ቤት ደርሷልና። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፣ ባቡርም አለበት፤ ታገሱኝ።

አባቴ የባቡር ሰው ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ መጀመሪያ ድሬዳዋ ወርክሾፕ፣ በኋላም ለገሃር ሠርተዋል። አሁን ከእኛ ጋር ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ቤቴል አካባቢ ይኖራሉ። የደም ግፊት ነበረባቸው፣ መድኃኒትም ታዞላቸዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው እየተቀበልኩ «መድኃኒትዎን በትክክል እየወሰዱ ነው?» እያልኩ ስጠይቅ እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ግን አንድ ቀን እንኳ አባቴን አልጠየቅሁም። «ደህና ነኝ እኮ፣ ምን ያደርግልኛል» ብለው ካቆሙት 3 ወር እንዳለፋቸው ያወቅሁት አንድ ጠዋት የቡና ስኒው ከቀኝ እጃቸው ሲወድቅ ነው። አፋቸው ወደ ጎን ተጣሟል፣ ንግግራቸው ተኮላትፏል፣ ቀኝ እጃቸው አልነሣ ብሏል።

ወዲያው ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?» ብሎ ነበር። ከእንቅልፍ ሲነሡ ይሁን ሌሊት፣ መልስ አልነበረንም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ስለዚህ እናንተ ቤት የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ ድንገት ካያችሁ ሰዓታችሁን ተመልከቱና ያያችሁበትን ሰዓት ያዙ። ምች ነው ብላችሁ ቅጠል ፍለጋ አትውጡ።

እግራቸው በጥቂት ሳምንታት ተመለሰ። ንግግራቸውም ቀስ እያለ መጣ። ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ተኝቶ ቀረ። ፊዚዮቴራፒስቷ የላስቲክ ኳስ ሰጥታ በቀን ይህን ያህል ጊዜ ይጨምቁ ብላቸው ነበር። ኳሱን ትራስ ስር ደበቁት። ስቆጣቸው «እኔ ሕፃን ነኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዕድሜ ልኩን ብረት ሲያገጣጥም የኖረ ሰው ኳስ ጨምቅ ሲባል ምን ይሰማዋል? ቀን ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ጀመሩ። ይህን ስንፍና አትበሉት። ስትሮክ ካጋጠማቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ድባቴ ይይዛቸዋል፤ እሱም ራሱን የቻለ ሕክምና አለው፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

በዚህ መሃል ጀርመን የምትኖረው እህቴ ለልጄ ሻንጣ ሙሉ ባቡር ይዛለት መጣች። ኤልጂቢ ይባላል፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1968 ለጓሮ ብለው ያወጡት፣ ዝናብና ፀሐይ የሚችል ትልልቅ የባቡር ሞዴል ነው። አንድ ጥቁር ባቡር፣ ሁለት ፉርጎ፣ ሲገጣጠም ክብ የሚሠራ 12 ቁራጭ ሐዲድ። የ7 ዓመቱ ልጄ ሳሎን ዘረጋው፣ ሁለት ሰዓት አሽከረከረውና ተመልሶ ስልኩ ላይ ተደፋ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ «ስንት ብር ፈሰሰ» እያልኩ ነበር።

አባቴ ከሶፋው ሆነው ሲያዩት ቆዩና፣ «ክብ ባቡር… ምን ያደርጋል? ባቡር መድረሻ አለው» አሉ። ከታመሙ ወዲህ የተናገሩት ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። ቀጥለው ሜትር አምጡ አሉ።

በግራ እጃቸው ይዘው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ለኩ፤ 45 ሚሊ ሜትር። የእሳቸው ባቡር፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣው የድሮው ባቡር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ካርቶኑ ላይ ሞዴሉ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያነሰ መሆኑ ተጽፏል። ልጄ በስልኩ አካፈለና 44.4 ወጣ። ሠሪዎቹ አውሮፓ ውስጥ ያሉትን ባለ 1 ሜትር ሐዲድ ባቡሮች አስበው ነው የሠሩት፤ የድሬዳዋ ሰው ያያል ብለው አይደለም። አባቴ ግን ፊታቸው በራ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ሐዲዱ 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያ ለሳቸው የሌላ ሰው ባቡር ነው። «ይሄ የኛው ነው» አሉ።

በማግስቱ ግቢ ወጣን። ኮልፌ የምትኖሩ የመሬታችንን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ደልዳላ የሚባል የለም። ከማድቤት እስከ ውጭ በር 9 ሜትር ነው፣ ቁልቁለቱ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በአባቴ አወሳሰን በሩ ጅቡቲ፣ ማድቤቱ አዲስ አበባ ሆነ። እኔ በቀጥታ እንዘርጋው ብዬ ነበር። ሳቁብኝ። ትንሽ ባቡር ፉርጎ እየጎተተ በደህና የሚወጣው በ1 ሜትር ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው፤ በቀጥታ ከሄደ ከ3 በላይ ይሆንበታል፣ ጎማው እየተንሸራተተ ይቆማል። ስለዚህ ሐዲዱ በኮክ ዛፋችን ዙሪያ እየተጠማዘዘ 15 ሜትር እንዲሆን አደረጉት። እውነተኛውም ባቡር ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ የደረሰው እንዲህ እየዞረ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ጅቡቲ ላይ ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው የደረሰው። የእኛው የወሰደው አምስት ወር ነው፤ ቀሪውን ሐዲድ እህቴ በሚመጣ ሰው እጅ እየላከች።

መጀመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፈርን። ውኃ እንዳይተኛበት ለብሎኬት የሚሆነውን ደቃቅ ጠጠር ሞላንበት። ከዚያ በላይ ሐዲዱ ይቀመጥና በጠጠር ይጠቀጠቃል። እያንዳንዱን ሐዲድ ከቀጣዩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የብረት ማያያዣ አለ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ መግፋት ይጠይቃል። ሕክምናው ያለው እዚህ ጋ ነው።

በስትሮክ የተጎዳ አንጎል ሥራውን በሌላ መንገድ መልሶ ይማራል፤ የሚማረው ግን በድግግሞሽ ነው፣ ድግግሞሹም ትርጉም ያለው ሥራ ሲሆን ሰው አይሰለቸውም። ፊዚዮቴራፒስቷን ጠርተን ግቢውን አሳየናት። ደህናው ግራ እጅ ላይ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ወፍራም ጓንት እንድናጠልቅ፣ ማያያዣውንም፣ ጠጠሩንም ቀኝ እጅ ብቻ እንዲሠራው አለችን። ይህ የእሷ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አሜሪካ ውስጥ 222 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሰዎች ደህናው እጃቸው ተከልክሎ በደካማው በብዛት ሲለማመዱ የተሻለ መጠቀም እንደቻሉ አሳይቷል። ነገር ግን ለሁሉም አይሆንም፤ አንጓውና ጣቶቹ ጥቂት መዘርጋት መቻል አለባቸው፣ ሰውየውም የማይወድቅ መሆን አለበት። ስለዚህ ባለሙያ ሳያየው ከመሬት ተነሥታችሁ የአባታችሁን እጅ እንዳታስሩ።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ማያያዣ 20 ደቂቃ ፈጀ። አባቴ በፈረንሳይኛ ተሳደቡ፤ የባቡር ቤት ሰዎች ስድባቸው በፈረንሳይኛ ነው። ልጄ ደስ ብሎት ቃሉን ያዘው፣ እናቱ ግን አልወደደችውም። ስልኩን እንዲተው ለወራት ስለምነው የኖርኩት ልጅ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ጠጠር ማመላለስ ጀመረ። እግረ መንገዴን ለወላጆች፦ ጓንግዡ፣ ቻይና ውስጥ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ከክፍል ውጭ እንዲሆኑ ተደርጎ፣ ከ3 ዓመት በኋላ ሩቅ የማየት ችግር የጀመራቸው 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ እንደ ቀድሞው የቀጠሉት ላይ 40 በመቶ ገደማ ነበር። የውጭ ብርሃን ዋጋ አለው፤ ባቡር ባይኖርም።

አሁን የጥፋቴን ልንገራችሁ። ከድሬዳዋ በታች ያለው በረሃ ነውና አባቴ እዚያ ጋ የበረሃ ዛፍ ፈለጉ። የጎረቤታችን አጥር ቅንጭብ ነው። ከላዩ የተቆረጠ ዘለላ ቅንጭብ መሬት ላይ ሲተከል ቁጭ ትንሽ ዛፍ ነው። ልጄ ቀጥፎ ሲያመጣ እዚያው ቆሜ ነበር፤ «ጎበዝ» ብዬዋለሁ። ነጩ ፈሳሽ እጁ ላይ ነበር። ዓይኑን አሸ።

ጩኸቱ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ውኃ የጠፋበት ቀን ስለነበር ከጀሪካን በጆግ እየቀዳሁ፣ ሽፋሽፍቱን ከፍቼ 20 ደቂቃ አጠብኩት። ጎረቤታችን እትዬ በደግነት «የእናት ጡት ወተት ጠብ አድርጉበት» አሉ። የጡት ወተት ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ቅቤም፣ ቅጠልም እንደዚያው። ንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ብዙ ውኃ፣ ከዚያ በቀጥታ የዓይን ሐኪም። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ተንኮሉ ሰዓት ጠብቆ መባሱ ነው። ማታ ዓይኑ አበጠ፣ በማግስቱ «አባዬ ጭጋግ ይታየኛል» አለኝ። ጠብታ እየተደረገለት በአሥራ አንደኛው ቀን ጠራለት። እነዚያን ሌሊቶች አልተኛሁም። አባቴም ዛፉን የጠየቅሁት እኔ ነኝ ብለው ሦስት ቀን ግቢ አልወጡም።

ቅንጭቡን በጓንት ነቅለን ጣልን። በረሃው አሁን ድንጋይና ጥቂት ሬት ነው። ለደጋው ከእንጦጦ በኩል የሚመጣ ጦስኝ አለን፤ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ከሩቅ የተራራ ሣር ይመስላል። ዛፎቹ የጥብስ ቅጠል ናቸው፣ ሲከረከም እየወፈረ ይሄዳል፣ የተከረከመው ወጥ ቤት ይገባል። ጤና አዳም ልተክል ነበር፤ ግን ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቆስል ስለሚችል ለሚቆፍር ልጅ አልመረጥኩትም። ለጣቢያዎቹ የገዛኋቸውን ትንንሽ መብራቶችም መለስኩ፤ ውስጣቸው የሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ባትሪ አለች፣ ክዳኗም በጥፍር ይከፈታል። ይህቺን ባትሪ ሕፃን ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች፤ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ባቡሩ የሚሄደው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው፤ 220ው ከቤት አይወጣም፣ ትራንስፎርመሩ ሳሎን ነው የሚቀመጠው።

ስለ እጁ፦ ተአምር አልሆነም። አባቴ ዛሬ ግማሽ የተሞላ ስኒ በቀኝ እጃቸው ያነሣሉ። የሸሚዝ ቁልፍ ገና ነው። ፊርማቸው አሁንም በግራ ነው። ማያያዣውን ግን ከእኔ በፍጥነት ይገፋሉ።

የመድኃኒቱን ነገር የፈታው ልጄ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጅቡቲ የሚነሣው ባቡር አባባ የግፊት ክኒናቸውን ሳይውጡ እንደማይነሣ ደንብ አውጥቷል፤ ፊሽካው እሱ ጋ ነው። እስካሁን አንድ ቀን ዘግይቷል።

አሁን ክረምት ገብቷል። ሐዲዱ ነሐስ ስለሆነ አይዝግም፣ ባቡሩን ብቻ ወደ ቤት እናስገባለን። የቀረን የአዋሽ ድልድይ ነው። ከምናለሽ ተራ ቀጭን ሽቦ ገዝቼ አንድ እሑድ ልጀምረው ስል አባቴ ፒንሳውን ከእጄ ተቀበሉኝ። በቀኝ እጃቸው።