የሠርጉ ካሴት

ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ከተማ ናትና፣ ለፎገራ ሰው አዲስ ነገር ሁሉ ከመኪና ላይ የሚወርድ ነበር። ቪዲዮ ዴክም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ቪዲዮ ቤቶቹ ቆርቆሮ በራቸው ላይ ጃኪ ቻንንና ራምቦን ለጥፈው የሰፈሩን ልጅ ጠቅልለው ወሰዱት። እኔንም ወስደውኛል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን፣ የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን፣ አክተሩ እንደማይሞት እያወቅን እንኳ እንጨነቅለት ነበር። የኔ ልብ ያለው ግን ሌላው ካሴት ላይ ነው።

ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ተሸጦ እጅ ላይ ብር ሲገባ ጥር ይደርሳል። ጥር ሲደርስ ደግሞ ቪዲዮ አንሺው ያንን ትልቅ ካሜራ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ መብራት የሚይዝለትን ልጅ አስከትሎ ሠርግ ቤት ይገባል። መብራቱ በዞረበት ሁሉ ነጠላ ይስተካከላል፣ ጉርሻ መንገድ ላይ ይቆማል፣ እማማ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፈን ያደርጋሉ። አንሺው አይቸኩልም። ካሴቱ ሦስት ሰዓት የሚይዝ ነው፣ ሰውም ሦስት ሰዓቱን ሙሉ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ዳሱም፣ የጠላው ጋንም፣ ጓሮ ጭስ እየተከላከሉ ወጥ የሚያማስሉት ሴቶችም፣ አጥር ጥግ ቆሞ የሚያመነዥከው በሬም ይገቡበታል።

ከመልሱ በኋላ ሙሽሮቹ ካሴቱን ይዘው ዴክ ያለው ቤት ይሄዳሉ፤ ጎረቤቱ ይከተላል። ያ ቤት የሞቀ ፕላስቲክ፣ የዕጣንና የቡና ሽታ ባንድ ላይ ይሸተኛል እስከ ዛሬ። «መልሰው! መልሰው! እኔን አሳለፍከኝ!» ይባላል። ካሴቱ ወደ ኋላ ሲሮጥ እስክስታው ወደ ኋላ ይመታል፣ ጉርሻው ካፍ ወጥቶ ወደ ሞሰብ ይመለሳል፣ እኛ ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ እንንከባለላለን። መብራት ከሄደ ካሴቱ ዴኩ ሆድ ውስጥ ይቀራልና ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ኩራዝ ይበራል፣ በረካው ይፈላል፣ ያልታየው የሠርጉ ክፍል በአፍ ይተረካል።

ኋላ ሲዲ መጣ። ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ መስተዋት ፊታችንን የምናይበት። እ.ኤ.አ. በ1976 ቪኤችኤስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ያወጣው የጃፓኑ ጄቪሲ ራሱ በ1993 ከሶኒ፣ ከፊሊፕስና ከማትሱሺታ ጋር ሆኖ የቪዲዮ ሲዲን (ቪሲዲ) ደንብ አጸደቀ፤ አገሩን ዞሮ ወረታ እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጀ። ማጫወቻው ርካሽ ነበርና በየቤቱ ገባ። ሲዲው ወደ ኋላ ሲመለስ ምስሉ ይዘላል እንጂ ማንም ወደ ኋላ አይጨፍርም።

ዋናው ነገር ግን አንዱ ሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ መያዙ ነው። የሦስት ሰዓቱ ሠርግ ሦስት ሲዲ ሊሆን ነው። ለመቅዳት ወስደን የሰጠነው ሁሉ «ረዥም ነው፣ ልቀንሰው?» ይለን ነበር፤ እሺ አልን። የሚቀነሰው ምኑ ነው? ሙሽሮቹ ይቀራሉ፣ ኬኩ ይቀራል፣ ዘፈንና የሚበር አበባ ይጨመራል። የሚወጡት የሽማግሌዎቹ ረዥም ምርቃት፣ ብርሌ የሚያቀርበው አጎት፣ ከጓሮ ሆና «ተወኝ እባክህ» እያለች እጇን የምታወናጭፈው አክስት ናቸው። ያቺ አክስት ሌላ ምስል የላትም። የዚያ አጎት ድምፅ ሌላ የትም አልተቀረጸም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ስንት ሳጥን ከነካሴቱ እንደራሰ አስቡት። ውኃ ያልነካውንም የፎገራ እርጥበት ያገኘዋል፤ ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፣ ሻጋታው ሳይጠረግ ዴክ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሄዱን ያበላሻል። ዴክ የሚሠራም የለም፤ ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል።

ስለዚህ ጎረቤቶቼ፣ አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ የእናታችሁ ሳጥን ውስጥ አንድ ካሴት ካለ፣ «ሲዲው አለን» ብላችሁ አትጣሉት። ደረቅ ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡት። የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው ስታገኙ አስቀዱት፤ «ልቀንሰው?» ካላችሁ ግን በሬውንም፣ ጭሱንም፣ ሁሉንም እንዳለ ተወው በሉት።