ደሞዜ በድርሃም፣ ጥያቄው በብር

ዱባይ ውስጥ የቤት ኪራይ ውል የሚታሰበው በወር ሳይሆን በዓመት ነው። ውሉ ላይ የዓመቱ ዋጋ ይጻፍና በስንት ቼክ እንደምትከፍሉ ትደራደራላችሁ። በአንድ ቼክ እከፍላለሁ ያለ ዋጋ ይቀነስለታል፤ አራትና ስድስት ቼክ የሚለምን ይጨመርበታል። ቼኮቹ የወደፊት ቀን ተጽፎባቸው ቁልፉን በምትረከቡበት ቀን ለአከራዩ ይሰጣሉ። ገና ያልሠራችሁትን የወራት ደሞዝ ፈርማችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው።

አገር ቤት ላለ ሰው ይህን ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚያ የሚሰማው የምንዛሪው ወሬ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ያደረገ ዕለት ስልኬ ሲጮህ አመሸ። በባንክ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የአጎቴ ልጅ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ደሞዝሽ እጥፍ ሆነ» ብሎ ጻፈልኝ። ድርሃም ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ፣ ዶላሩ ሲወጣ በብር ሂሳብ አብሮ ይወጣል። ደሞዜ 3,200 ድርሃም ነው። በድሮው የባንክ ተመን 50,000 ብር ገደማ የነበረው አንዱ ድርሃም በ30 ብር ሲታሰብ 96,000 ይሆናል። ወረቀት ላይ ሀብታም ሆኛለሁ።

እኔ ግን ዳቦ የምገዛው በብር አይደለም። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ከዚያ ቀን በፊት ብዙዎቻችን የምንልከው በሰው እጅ ነበር፤ በጥቁር ገበያው ዶላር ያኔም ከ100 በላይ ነበር። ስለዚህ ቤተሰባችን እጅ የሚገባው ብር በአንድ ጀምበር እጥፍ አልሆነም። የተለወጠው የሚላክበት መንገድ ነው። በባንክ መላክ ትርጉም ያለው ነገር ሆነ፤ ይህንን በበጎ አየዋለሁ።

ያኔ የነበረኝን በጀት ልንገራችሁ። ዴራ ውስጥ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በጂፕሰም የተከፈለች ክፍል፣ ከእኔ 800። ምግብ 600። ሜትሮና አውቶቡስ 230። ስልክ 100። ዕቁብ 700። ለእናቴ 600። የቀረው 170 ለሕመም፣ ለጫማ፣ ለለቅሶ መዋጮ ነው። ደሞዝ በገባ ቀን መጀመሪያ የማወጣው የኪራዩን ነው፤ ለእናቴ የሚላከውም ቢሆን ከእሱ በኋላ ነው። ይህን ስል የሚቆጡ አሉ። እናቴ ግን ሜዳ ላይ ያደረች ልጅ ምንም እንደማትልክላት ከማንም በላይ ታውቃለች።

ስለዚያች ክፍል ትንሽ ልበል፤ የብዙዎቻችን ኑሮ እዚያ ውስጥ ነውና። አንድ ሰው አፓርታማውን በቼክ ይከራያል፣ ሳሎኑን በጂፕሰም ይከፋፍላል፣ ክፍሉን ወይም አልጋውን ለእኛ ያከራያል። ደረሰኝ የለም። መያዣ ይወስዳል፤ ሲመልስ አላየሁም። የዱባይ የ2007ቱ የኪራይ ሕግ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ማከራየትን ይከለክላል። ያው ሕግና ማሻሻያዎቹ ለተከራይ ጥሩ ነገር አላቸው። ዋጋ ለመጨመር የ90 ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል፤ ጭማሪውም ጣሪያ አለው። ባለቤቱ ልኖርበት ወይም ልሸጠው ነው ብሎ ቢያስወጣችሁ እንኳ 12 ወር አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ይህ ሁሉ ግን ኢጃሪ በሚባለው መዝገብ ውሉ ለተመዘገበለት ሰው ነው። አልጋ የተከራየ ሰው በሕጉ ዓይን የለም። ሰኔ 2017 ማዘጋጃ ቤቱ እንደ ሪጋ፣ ሙረቀባትና ሳትዋ ባሉ ሰፈሮች ያለ ፈቃድ በተከፋፈሉ ቤቶች ላይ ዘመቻ ሲጀምር የእኛም ግድግዳ ፈረሰ። እንድንወጣ የተነገረን በሦስት ቀን ነው። ያከራየን ሰው ስልኩን ዘጋ።

አዲስ አበባም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ጭማሪውንም ይቆጣጠራል። እህቴ የምትኖርበት ቤት ግን ውሉ በቃል ነው። አከራይዋ ወረቀት የሚባል ነገር መስማት አይፈልጉም፤ እሷም እንዳያስወጧት ፈርታ አትጠይቅም። እኔ ዴራ ስፈራ የነበረውም ይህንኑ ነበር።

ያዳነኝ ዕቁቡ ነው። አሥር ሴቶች ነን፤ ዕጣው 7,000 ይወጣል። ነሐሴ የደረሳት ልጅ ተራዋን ለቀቀችልኝና ጥቅምት ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቁሰይስ ስቱዲዮ ተከራየን፤ ለዓመት 42,000፣ በአራት ቼክ። ለመግባት የመጀመሪያው ቼክ 10,500፣ መያዣ 2,100፣ ደላላ 2,100፣ የመብራትና ውሃ መያዣ 2,000፣ ኢጃሪ ሁለት መቶ ምናምን። ለእያንዳንዳችን 5,600 አለፈ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም ያልነገረን ነገር መጣ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የኪራዩን 5 በመቶ ለ12 ከፍሎ በየወሩ በመብራት ቢል ላይ ይጨምረዋል፣ 175 ድርሃም። ሦስታችንም ኢጃሪው ላይ ተመዝግበናል። ስሜን በዚያ ወረቀት ላይ ሳየው ደጋግሜ አነበብኩት።

የቼክ ደብተር ያላት ግን አንዷ ብቻ ናት። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ በቂ ገንዘብ በሌለው ቼክ ሰው እንደ ቀድሞው ወዲያው በወንጀል አይከሰስም። ነገር ግን አከራዩ ቼኩን ይዞ በቀጥታ ወደ ፍርድ ማስፈጸሚያ መሄድ ይችላል፤ የጉዞ እገዳም ሊመጣ ይችላል። የእኔ 3,500 ቢጎድል የምትያዘው እሷ ናት።

ሁለተኛው ቼክ የሚመነዘረው ጥር ላይ ነው። የወንድሜ ሠርግም ጥር ነው። 4,000 ድርሃም ጠየቀኝ፤ እሱ ያለው በብር ነበር፣ 160,000። ለቼኩ ያጠራቀምኩት 3,500 ባንክ ውስጥ እንዳለ በአንድ ወቅት ነግሬው ነበርና «አለሽ እኮ» አለኝ። «አለኝ፣ የእኔ ግን አይደለም» አልኩት። የቼኩን ፎቶ ከነቀኑ ላኩለት። 500 ድርሃም እንደምሰጠው ነገርኩት፤ አኮረፈ።

ለእናቴ የምልከውንም ዕቁቡ እስኪያልቅ ወደ 300 አውርጃለሁ። በዛሬው ምንዛሪ 12,000 ብር ገደማ ነው፤ ድሮ 600 በባንክ ስልክ ከሚደርሳት ይበልጣል። ዘይትና ጤፉ ግን ባሉበት አልጠበቋትም። ስደውልላት ስለ ገንዘቡ አላነሳችም። የጠየቀችኝ አዲሱ ቤት መስኮት አለው ወይ ብላ ነው። አለው፤ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው የሚያየው።