ሁለቱ መጥረጊያዎች

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ መንገዱን ይውጥበታል። ሐምሌ ከሆነ ዝናቡም ይጨመርበታል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ከፍታ፣ ከዋሻው ትንሽ ወዲህ፣ የአሮጌው ላንድሮቨሬ የግራ ዝናብ መጥረጊያ መሀል መስታወት ላይ ቀጥ አለ። የቀኙ ይሠራል። ከጎኔ የተቀመጠችው እኅቴ መንገዱን ጥርት አድርጋ ታያለች፤ መሪ የያዝኩት እኔ የማየው ውሃ ብቻ ነው። «ዳር ያዝ፣ ቀስ በል፣ ድንጋዩ ጋ ቁም!» እያለች መራችኝና ቆምን።

ያን ቀን ያወጣን የመኪናው አሠራር ነው። እንደኔው ባሉት በሲሪስ 2 ላንድሮቨሮች ላይ ሁለቱን መጥረጊያዎች የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሞተር አይደለም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትንሽ ሞተር አላቸው። ከውስጥ በኩል፣ ከመስታወቱ ግርጌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ፤ ዘንጋቸው ማቀፊያውን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ካቻቢቴና ቁልፍ ከመቀመጫው ሥር አወጣሁና የቀኙን ፈትቼ ወደ ግራ አሻገርኩት። እኅቴ ጃንጥላ ይዛልኝ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ እስክንገባ የማታየው እሷ ሆነች።

መንገዱን ሙሉ ድምፁን ሳዳምጥ ሄድኩ። ዝናብ መጥረጊያ ንግግር አለው። መስታወቱ በደንብ ሲርስ ጸጥ ይላል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጎማው ሲጢጥ ማለት ይጀምራል፤ ሞተሩ ሲደክም ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ ያቃስትና ሲመለስ ይፈጥናል። የግራው ከሳምንት በፊት ጀምሮ እንዲያ ሲያቃስት ሰምቼው ነበር። ዝም ብዬ አለፍኩት፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ክረምት ሲገባ ብዙ መጥረጊያ የሚሞተው ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። በጋውን ሙሉ ጎማው ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ይደርቃል። ማርሹ ውስጥ ያለው ግሪስ ሳይነካ ይከርማል፣ ይጠጥራል። ከዚያ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ያንን የደረቀ ጎማ በወራት አቧራ ላይ ጎትት እንለዋለን። አቧራው መስታወቱንም ይጭራል፤ ማታ የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲያበራብን መስታወታችን ላይ ጎልቶ የሚወጣው ግማሽ ጨረቃ የዚያ ጭረት ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ጋሼ ወደምላቸው ሽማግሌ ኤሌትሪሺያን ዘንድ ወሰድኩት። አዲስ ሞተር ልግዛ ወይ ስላቸው፣ «ልጄ፣ ሞተሩን ከመወንጀልህ በፊት ማሳውን ጠይቀው» አሉኝ። ማሳ ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል የሚመለስበት ነው። የሞተው ሞተር መልሶ ከቦታው ታሰረ፤ ባትሪው ላይ ሲለኩ 12 ቮልት አለ፤ ሞተሩ ላይ ሲለኩ 9። ሦስቱ ቮልት የት ቀረ? ማሳው በሚታሰርበት ብሎን ሥር ባለው ዝገት። ብሎኑን ፈትተው እስኪያበራ ድረስ ፈገፈጉት። ከዚያ መጥረጊያውን ከዘንጉ ላይ አውልቀው ሞተሩን ብቻውን አስነሱት፤ ዞረ፣ ግን እየተጎተተ። ሲከፈት ግሪሱ እንደ ሰም ደርቋል፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀዋል፣ በዘንጉ በኩል የገባ ውሃ ውስጡን አዝጎታል። ዘንጉ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ተሰንጥቃ ነበር፤ ያን ሁሉ ጉዳት ያመጣችው ጣት የምታህል ጎማ ናት። ጋሼ ከሌላ ሞተር የወጣ ካርቦን በአሸዋ ወረቀት እያሹ ልክ አደረጉ።

እኔ ግን የመቀየሩን ሐሳብ አልተውኩትም፤ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ጠየቅሁ። ሻጩ ሞተሩን መሬት ላይ ካለው ባትሪ ጋር አገናኝቶ ያዞርልሃል። በባዶ የሚዞር ሁሉ ግን መጥረጊያ እየጎተተ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የሚገዛ ሰው ዘንጉን በጨርቅ ጨበጥ አድርጎ ጉልበቱን ቢሞክር ይሻላል። ቮልቱንም ይጠይቅ፤ ከአሮጌዎቹ ዲዝል ላንድክሩዘሮች መካከል 24 ቮልት የሆኑ አሉ፣ የ12 ቮልት ሞተር እዚያ ላይ ቢታሰር ይቃጠላል። በቀደሙት ላንድሮቨሮች ደግሞ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ማግኔት ያለው አዲስ ሞተር እዚያ ላይ ሲታሰር ወደ ኋላ ይዞራል።

አዲሱ ሞተር የሚያስቀና ነገር አለው። ሦስት ካርቦን አለው፤ ሦስተኛዋ ገደድ ብላ ስለተቀመጠች ኤሌክትሪኩ በሷ በኩል ሲገባ ፍጥነቱ ይጨምራል። ማርሹ ላይ ደግሞ የመዳብ ቀለበት አለ። አንተ ብታጠፋውም መጥረጊያው ቤቱ እስኪደርስ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፤ ሲደርስ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ያገናኝና ሞተሩ በገዛ ዙረቱ ራሱን ያቆማል። የኔው ይህን አያውቅም። ስጨርስ በትንሿ እጀታ እኔው ወደ ዳር እመልሰዋለሁ። እጀታዋን ስይዝ ሁልጊዜ ሜሪ አንደርሰን ትዝ ትለኛለች፤ ይህች የአላባማ ሴት እ.ኤ.አ. በ1903 የፈጠራ መብት ያገኘችበት መጥረጊያ ሾፌሩ ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚዘውረው ነበር። ከዚያ በኋላ በሞተሩ የአየር ስበት የሚሠራ መጥረጊያ መጣ፤ አሮጌ ዊሊስ ጂፖች ያላቸው እሱን ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር ስበቱ ይጠፋና መጥረጊያው ይቆማል። አየሩ በሳሳበት በጣርማ በር ዳገት እንዲህ ባለ መኪና በሐምሌ የወጡትን አባቶች ሳስብ ልቤ ይነካል።

እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የወጣው ሲሪስ 3 ሁለቱን መጥረጊያዎች በአንድ ሞተር ያንቀሳቅሳል። አንዳንዶች ያንን አምጥተው አሮጌው ላይ ይገጥሙታል። ሌሊት ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ግን ከጎረቤት ኬንያ የመጣ ዕቃ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ መጥረጊያው የሚያርፍበት ጎንም ይለያል። እኛ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስንሻገር፣ ለየጎኑ ሞተር ያለው መኪና መሪው በየትኛውም በኩል ቢሆን አይቸገርም ነበር።

ስለዚህ አልቀየርኩም። አዲስ ሽቦ ዘርግቼ፣ ሪሌ ጨምሬ፣ የጎማ ቀለበቶቹን ለውጬ ሁለቱንም መልሼ ገጠምኩ። የአቅም ጉዳይ አይደለም፤ አንዱ ሲሞት ሌላው የሚቀርልኝን አሠራር በአንድ ሞተር መለወጥ አልፈለግሁም።

ነሐሴ ላይ እኅቴን ይዤ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ግን እኩል አይሄዱም። የጋሼ ካርቦን ያለው የግራው ትንሽ ይፈጥናል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ እየተቀራረቡ፣ እየተቀራረቡ ይመጡና ሦስት አራት ጊዜ አብረው ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ። እኅቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስኪገናኙ ድረስ ትቆጥር ነበር። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ዝናቡ ቀረ፣ አጠፋኋቸው፤ ማዶ ስንወጣ ደግሞ ከአንድ ጀመረች።