የእንግሊዝ ኤውሮጳዊነትና የደቻቱ አሸዋ

እንግሊዛውያን ራሳቸውን ከኤውሮጳ ሰዎች ወገን ይቆጥራሉ ወይስ አይቆጥሩም የሚለውን ክርክር የሚያነሡ ሰዎች፥ ከዶቨር እስከ ካሌ በጠበበው በኩል ሲለካ ከ33 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጠውን ባሕር፥ ልዑል እግዚአብሔር ሁለት ፍጥረት እንዳይቀላቀሉ ብሎ ያሰመረው ይመስል፥ የነገሩ ሁሉ መነሻ ያደርጉታል። እኔ ግን በድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ዳር ያደግሁ ነኝና ውኃ ሰውን ለየ ሲሉኝ ፈጥኜ አላምንም።

ደቻቱ ስሙ ወንዝ ይሁን እንጂ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ነው፤ በላይኛው ተራራ ዝናም ሲጥል ግን ድንገት ደራሽ ይሆናል፤ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማለቂያ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ነፍስ ያጠፋ ስለ ሆነ በውኃው ላይ መቀለድ አይገባም። በቀረው ጊዜ ሕፃንም ፍየልም እግሩን ሳያርስ ይሻገረዋል። ይህ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ዳር ያሉት ሰፈሮች፥ ከዚራና መጋላ፥ እንደ ሁለት ሀገር ይተያያሉ፤ የከዚራዋ እመቤት ቅመም ልትገዛ ስትነሣ፥ እንግሊዛዊው ወደ ፓሪስ ሲሻገር «ኤውሮጳ ደርሼ ልምጣ» እንደሚለው ሁሉ፥ «መጋላ ደርሼ ልምጣ» ብላ ቤተ ሰቡን ተሰናብታ ትወጣለች።

ልዩነቱ ግን ከአዳም ጀምሮ የነበረ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ፥ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ወጪው የማይቻል ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ በዚሁ ቀረ፤ የባቡሩ ኩባንያ መሐንዲሶችም በወንዙ በአንደኛው ወገን ጣቢያቸውንና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቻቸውን ሲሠሩ፥ ነጋዴውና ገበያተኛው በሌላው ወገን እንደ ልቡ ሰፈረ። ከዚያ አስቀድሞ ከብቱን በሁለቱም ዳር ያሰማራ የነበረው አርብቶ አደር «ማዶ» የሚለው ሰፈር አልነበረውም።

የእንግሊዝም ጥንተ ነገር እንዲሁ ነው። አንግሎችና ሳክሶኖች በዚያው ባሕር መጡ፤ በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች በዚያው መጡ፤ ከዚያም ወዲያ ለብዙ መቶ ዓመታት ነገሥታቱ በወዲህም በወዲያም ዳር ርስት ነበራቸውና ባሕሩ ጎዳና እንጂ አጥር አልነበረም። በኋላ ግን ሄንሪ 8ኛ ሚስቱን እንዳይፈታ ቢከለከል በ1534 ከሮም መንበር ተለይቶ ራሱን የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቃ አደረገ፤ በማዶ ቀርታላቸው የነበረችውም ካሌ በልጁ በሜሪ ዘመን በ1558 በፈረንሳይ እጅ ወደቀች። ባሕሩ ቅጥር የሆነው እንግዲህ ማዶው ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ የተነጠቀውን ርስት «ድሮውንም አልወደው» የሚል ሰው በየሀገሩ አለ። ምክንያቱ ውኃው ቢሆንማ ኖሮ፥ በዚያችው ደሴት የሚኖሩት ስኮትላንዳውያን በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 62ቱ ከኤውሮጳ ኅብረት አንለይም ባላሉ ነበር፤ ከእንግሊዝ በኩል ግን ከመቶ 53ቱ እንውጣ አሉ።

ከውስጥ ተቀምጦ ከውጭ ነኝ ማለትን እኛም በቅርብ አይተነዋል። በ1933 ዓ.ም. በመጋቢት ጣልያንን እያሳደዱ ድሬዳዋ የገቡት፥ ሰው ሁሉ እንግሊዝ ያላቸው ወታደሮች፥ የደቡብ አፍሪካ ልጆች ነበሩ፤ ይህንንም ማንም አልጠየቀም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የኢትዮጵያን ነጻነት በጎ አድርጎ መሰከረ፤ ዳሩ ግን ሐዲዱ በእንግሊዝ ጦር እጅ እንዲቆይ፥ የእንግሊዝም መልእክተኛ ከሌሎች መንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ እንዲቀድም የሚል ቃል ነበረበት። በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ ኤውሮጳ ማኅበር ገብተው፥ ኋላ ዩሮውን ሳይቀበሉ፥ በሸንገን ውል ሳይገቡ 47 ዓመት የተቀመጡትን ሰዎች ጠባይ ለማወቅ ብራስልስ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። ሐዲዱን በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ውል ለቀቁልን፤ ከኅብረቱ የወጡት በ2020 ጃንዋሪ 31 ቀን ነው፤ የፊተኛው ውላችን ቀንም በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 31 መሆኑን ለኮከብ ቆጣሪዎች እተዋለሁ።

ከባቡር ሥራ በጡረታ ለተገለሉ አንድ የደቻቱ አዛውንት ይህን ሁሉ ባወጋቸው ፈገግ አሉ። «አቦ! ግሪኩም አርመኑም ፈረንሳዩም ከዚራ ውስጥ አንድ ላይ ኖሯል፤ እንግሊዙ ማን ነኝ ብሎ ነው የሚለየው?»

«ጋሼ፥ ኤውሮጳዊ አይደለሁም ይላል እኮ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የ1968 ዓ.ም.ን የአፍሪካ ዋንጫ አነሡልኝ። ኢትዮጵያ ውድድሩን ከመሠረቱት አንዷ፥ በ1954 ዓ.ም.ም ዋንጫውን የወሰደች ናት፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም አዲስ አበባ ከተመሠረተ 13 ዓመት ሊሞላው ነበር። ናይጄሪያ፥ ዛየር፥ ሱዳንና ሞሮኮ የተመደቡት ድሬዳዋ ላይ ነበርና ከተማው ሁሉ ሊያያቸው ወጣ።

«እኔም ሥራዬን ጥዬ ሮጥሁ» አሉ፤ «ሰዉ ሁሉ ‹አፍሪካውያኑ ገቡ፥ አፍሪካውያኑ ገቡ!› እያለ ይጮህ ነበራ።»