ደሴቱ ጠባቂ አለው፤ ውኃውስ?

የባሕር ጠረፍ በሌለው አገር ያደገ ልጅ ደሴት የሚለውን ቃል ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። እኔም ስለ ሜዲትራኒያን ባሕር ባነበብሁ ጊዜ ቀልቤን የሳበችው ኡስቲካ የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች። ኡስቲካ ከሲሲሊ በስተ ሰሜን የምትገኝ፣ እሳተ ገሞራ የወለዳት ጥቁር ደሴት ስትሆን፣ ስሟም በላቲን «የተቃጠለ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል። ነዋሪዎቿ ጥቂት ናቸው፤ በዚያ በጥቁር አፈር ላይ ደቃቅ ምስር ይዘራሉ። እንግዳ ከየአገሩ ወደ እርስዋ የሚጎርፈው ግን ምስሩን ፈልጎ አይደለም፤ ከውኃው በታች ያለውን ፍጥረት ለማየት ነው። የኢጣልያ መንግሥት በ1979 ዓ.ም. በዙሪያዋ ያለውን ባሕር ክልል አድርጎ ከለለው፤ በአንደኛው ወገን ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ ክልክል ሆነ። ዛሬ ጠላቂው መነጽሩን አድርጎ ሲወርድ ትልልቅ ዓሦች በድንጋዩ መካከል ሲመላለሱ ያያል።

እንዲህ ያለ ደሴት በእኛ ዘንድ የለምን? አለ እንጂ። ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ ጎርጎራ ይደረሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጣና ነው። በዳሩ የሚኖሩ ሰዎች «ሐይቅ» አይሉትም፤ «ባሕር» ይሉታል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ስሙ አይበዛበትም። ጣናን የፈጠረውም ያው እሳተ ገሞራ ነው፤ ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ የውኃውን መውጫ ዘግቶ ሐይቅ እንዲሆን አደረገው። ደሴቶቹም የፋሲል ግንብ ከታነጸበት ድንጋይ ጋር ዘመድ በሆነ ጥቁር ድንጋይ ላይ የቆሙ ናቸው።

ወደ ደሴቶቹ የሄድሁት በፋሲካ ዕረፍት፣ በጎርጎራ ዓሣ አጥምዶ ከሚኖር አጎቴ ጋር ነው። በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ተጓዝን። በመንገዳችን ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው የሚቀዝፉ ሰዎች አጋጠሙን፤ ታንኳዋ ከውኃው ጋር እኩል ስለሆነች ከሩቅ ሲያዩዋቸው በውኃው ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ።

መጀመሪያ የታየችን ዳጋ ናት። ዳጋ እንደ ክምር ሾጣጣ ሆና ከውኃው ቀጥ ብላ የወጣች ደሴት ስትሆን፣ ከእግርዋ እስከ ራስዋ በደን የተሸፈነች ናት። በአናትዋ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ሴት ወደዚህ ገዳም አትገባም። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማችንን ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል ዐፅማቸው ያረፈው በዚህ ነው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በዚያው አሉ። ያን ሁሉ ግንብ ያሠራ ንጉሥ በመጨረሻ ለማረፊያው የመረጠለት ይህ ጸጥታ መሆኑ አስገረመኝ።

ከዳጋ አጠገብ ያለው ደቅ ሰፊ ስለሆነ ገበሬ ያርስበታል። በምዕራቡ ዳር እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕት ዓመት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ። በግድግዳው ላይ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። በቅጥሩ ውስጥ ያሉት ዛፎች ግንዳቸው ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ነው። ቅርንጫፉ በወፍ ድምፅ ተሞልቷል። ከቅጥሩ ውጭ ግን ማሳ ነው፤ ዛፍ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው።

በዚያ ያገኘኋቸውን አንድ አረጋዊ መነኩሴ «አባ፣ ይህን ዛፍ ሰው ሳይቆርጠው እንዴት እስካሁን ቆየ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የታቦት ነው ልጄ። ማን ደፍሮ ይነካዋል?» አሉኝ።

«ዓሣውስ የማን ነው?»

ጥቂት ዝም አሉና «ዓሣውማ የባሕር ነው» ብለው መለሱ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ለመጥለቅ ተዘጋጀሁ። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ሣርና ጭቃ ባለበት ዳርቻ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ስለሚተላለፍ፣ አጎቴ ጀልባውን ከዳሩ ራቅ አድርጎ፣ ጉማሬም አለመኖሩን አይቶ አቆመልኝ። የመዋኛ መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። የኡስቲካን ሥዕል በዓይነ ኅሊናዬ ይዤ ነበር። ከውኃው በታች ያገኘሁት ግን ደብዛዛ ቡናማ ብርሃን ብቻ ነው። እጄን ወደ ፊት ብዘረጋ ጣቶቼ ጠፉብኝ። አንድ ነገር እግሬን ነክቶኝ አለፈ፤ ምን እንደሆነ ግን አላየሁም። ስወጣ አጎቴ እየሳቀ «ዓሣው አይቶሃል፤ አንተ ነህ እንጂ ያላየኸው» አለኝ።

ያ ያላየሁት ዓሣ ምን እንደሆነ ከተመለስሁ በኋላ ከሳይንስ መምህራችን ጠይቄ፣ መጽሐፍም አገላብጬ ተረዳሁ። በጣና ቆሮሶና አምባዛ አሉ፤ እነዚህን በሌላም ሐይቅ እናገኛቸዋለን። የጣና ልዩ ሀብት ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ነው። በ1825 ዓ.ም. ጎንደርን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል አንዳንዶቹን መዝግቦ ለዓለም አስታውቆ ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የሆላንድ አገር ሊቃውንት ናገልከርከና ሲቢንግ በጥንቃቄ መርምረው አንድ ይመስል የነበረው ዓሣ ብዙ ዓይነት መሆኑን ገለጹ። ዛሬ 17 ዓይነት ይቆጠራል፤ ከእነዚህም 15ቱ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ለብቻቸው ተለይተው ኖሩ። ሐይቁ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ከሆነ ዘመን በፊት ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የተቆፈረው ደለል መስክሯል፤ እንግዲህ ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ እነዚህ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ሆኖም ስምንቱ ዓይነት ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው።

ታዲያ ውኃው ስለምን ደፈረሰ? ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጭቃው ይናወጣል። ጭቃውን የሚያመጡለት ግን ወንዞቹ ናቸው። ኡስቲካ በዙሪያዋ ጭቃ የሚያፈስባት ወንዝ የላትም፤ ጣና ግን የደጋው ሁሉ ውኃ የሚወርድበት ገበታ ነው። ከወንዞቹም አንዱ የእኛው መገጭ ነው። አንገረብና ቀሃ ጎንደርን አቋርጠው ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም ደምቢያን አልፎ ወደ ጣና ይገባል። በጥምቀት ዕለት ወጣቱ እየዘለለ የሚገባበት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ነው። በደቅ ዳር ዓይኔን የጋረደው አፈር ከፊሉ ከየት እንደመጣ እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ።

ነገሩ በመደፍረስ ብቻ አያበቃም። ክረምት ሲገባ ከነጭ ዓሣ ወገን አያሌዎቹ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ ንጹሕ ጠጠር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። መገጭና ድርማ ከሚወጡባቸው ወንዞች መካከል ናቸው። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ ወይም ለግንባታ ከተጫነ እንቁላሉ ማረፊያ ያጣል። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ ደግሞ እናቲቱ ከነእንቁላሏ ትያዛለች። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ በጣና ከገባ ወዲህ የነጭ ዓሣ ምርት በብርቱ አሽቆልቁሏል። በዚህ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ መጣ። ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚወርደው ነገር ለእርሱ ማዳበሪያ ይሆነዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ሕዝቡ በእጁ ነቀለው፤ ቢሆንም ቅሉ ምግቡ እስካልተቋረጠ ድረስ ተመልሶ ይበቅላል።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የዓሣ ሀብት አዋጅ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን የዳጋን ደን እስከ ዛሬ ያቆመው በወረቀት ላይ የተጻፈ ሕግ ብቻ አይደለም፤ ዛፉ የማን እንደሆነ በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ መታወቁ ነው። ዓሣው «የባሕር ነው» ሲባል ግን የማንም አይደለም እንደ ማለት ሆኖ ተተርጉሟል። ቅጥሩ በውኃው ዳር አበቃ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ይህን ቅጥር ወደ ውኃው ማሻገር የእኛ ትውልድ ፈንታ ይመስለኛል። ሥራውም ከጎንደር ይጀምራል። በቀሃና በአንገረብ ዳር ችግኝ ብንተክል፣ ቆሻሻ በወንዙ ባንጥል፣ በደምቢያና በደጋው ያሉ ወላጆቻችን እርከን ሲሠሩ ብንረዳ፣ አጥማጅ ዘመዶች ያሉን ደግሞ በነሐሴና በመስከረም የወንዙን አፍ ለዓሣው እንዲተዉለት ብንለምን፣ ይህ ለማናችንም ከአቅም በላይ አይደለም። አጎቴን ስለዚህ ጉዳይ ባነሣሁበት ጊዜ «እኔ ብተው ሌላው ይይዘዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊተው አይችልም። ደኑን የጠበቁትም አንድ ሰው አልነበሩም፤ በዘመናት ሁሉ አብረው የተስማሙ ብዙ ሰዎች ናቸው። ለዓሣውም የሚያስፈልገው ይኸው ስምምነት ነው።