«ጠፋ» እና «አጣ»

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚከታተል ተማሪ፣ አማርኛ ሲጽፍ አንዳንድ ጊዜ የእንግሊዝኛውን ግስ በልቡ ይዞ ይጽፋል። «ሰዓቴን አውቶቡስ ውስጥ አጣሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በድርሰት ደብተር ላይ በተደጋጋሚ አንብቤአለሁ። እንግሊዝኛ «ሉዝ» በሚለው ግስ ሲናገር ዕቃው የጠፋበትን ሰው ባለቤት፣ ዕቃውን ተሳቢ ያደርጋል፤ ሰዓቱ ለጠፋበትም አባቱ ለሞተበትም ያው አንድ ግስ ይበቃዋል። (ይህ ግስ «ልል» የሚል ትርጉም ካለው ከ«ሉስ» በአጻጻፍ የሚለየው በአንዲት «ኦ» ብቻ ስለ ሆነ፣ የቋንቋውን ተወላጆች ሳይቀር ያሳስታል። የእኛ ችግር ግን ከፊደል ያለፈ ነው።)

አማርኛ ሰዓቱን ራሱን ባለቤት አድርጎ «ሰዓቴ ጠፋ» ይላል። «ጠፋ» ተሳቢ አይፈልግም። ጉዳቱ የደረሰበት ሰው የሚገባው በ«ብ» በኩል ነው፤ «ሰዓቴ ጠፋብኝ» እንላለን። ይህች «ብ» «ፈረደበት» እና «ዘነበበት» በሚሉት ውስጥ ያለችው ናት። እርሷ ከሌለች ነገሩ ሌላ ይሆናል። «ስሙ ጠፋኝ» የሚል ሰው የሌላውን ስም ዘንግቷል፤ «ስሙ ጠፋ» የተባለ ሰው ግን ክብሩ ተነክቷል።

«አጣ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ተቃራኒውም «አገኘ» ነው። ስለዚህ ያልነበረንን ነገር እንኳ ልናጣ እንችላለን። «የሚከራይ ቤት አጣሁ» የሚል ሰው ፈልጎ አላገኘም ማለቱ ነው። ሥራ አጥ የሚባለውም ከሥራው የተሰናበተው ብቻ ሳይሆን፣ ትምህርቱን ጨርሶ ገና ሥራ ያልያዘው ጭምር ነው። ድኽነት «ማጣት» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው።

በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ገንዘብ ያዥ ሦስት ሰዎች ተናገሩ እንበል። አንዱ «ገንዘቡ ጠፋበት»፣ ሁለተኛው «ገንዘቡን አጠፋ»፣ ሦስተኛው «ገንዘብ አጣ» ቢሉ፣ የመጀመሪያው አዝኖለታል፣ ሁለተኛው ከሶታል፣ ሦስተኛው ድኻ ነው ብሏል። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ አንዱን ግስ በሌላው ቢተካ፣ በአንዲት «አ» ምክንያት ሰውየው ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል።

ስለ ሰው በሚነገርበት ጊዜ ልዩነቱ ይበልጥ ይከብዳል። «አባቱን አጣ» ስንል አባቱ ሞቷል። «አባቱ ጠፋ» ስንል ግን የት እንዳለ አይታወቅም፤ ይመጣ ይሆናል። ለወራት ያላየነውን ወዳጃችንን «ምነው ጠፋህ?» የምንለው በፊታችን ቆሞ እያየነው ነው። በጋዜጣና በየግድግዳው ከፎቶግራፍ ጋር የሚወጣው ማስታወቂያም «የጠፋ ሰው» ይላል፤ «አፋልጉኝ» የሚል ልመናም ይከተለዋል።

በማስተምርበት ጊዜ ስለ ቤተሰባቸው እንዲጽፉ ካዘዝኋቸው ተማሪዎች አንዲቱ ድርሰቷን «ታላቅ ወንድሜን አጣሁ» ብላ ጀምራ ነበር። ወንድሟ ከቤት ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ደብዳቤ አልጻፈም፤ አየሁት የሚልም አልተገኘም። ያን ዓረፍተ ነገር በሁለት መስመር ሰርዛ ከበላዩ «ታላቅ ወንድሜ ጠፋ» ስትል ጽፋለች። ዝቅ ብላም፣ እናቷ አልጋውን እስከ ዛሬ እንደምታነጥፍ፣ ጎረቤቶች ልብሱን ለድኻ እንድትሰጥ ሲመክሯትም እንደምትቆጣ ተርካለች። ተማሪዎች ሰርዘው የጻፉትን በንጹሕ ወረቀት እንዲገለብጡ ማዘዝ ልማዴ ነበር። የእርሷን ስርዝ እንዳለ ተውሁት፤ ሥርዓተ ነጥቡን ብቻ አርሜ ደብተሯን መለስሁላት።