የገበጣው ደንብ

በደቡብ ሮተርዳም በምትገኘው በሻርሎይስ፣ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ገበጣን በካርቶን ሠርተን ከአማርኛ ደንቡ ጋር በራሳችን ገንዘብ ልናሳትም ተነሣን። በቃል የኖረ ጨዋታ በስደት ይጠፋል ብለን ሰግተን ነበር። ካርቶኑን መቁረጥ፣ በጠጠር ፈንታ ሽምብራ በከረጢት መቋጠር አላስቸገረንም፤ ጭንቁ የመጣው ደንቡን ስንጽፍ ነው። አንዱ ባለሁለት ረድፍ ሲል ሌላው ባለሦስት አለ፤ ሁላችንም በአባቶቻችን ማልን፤ ሁለት ቅዳሜም ተኳርፈን ተለያየን።

ኋላ ግን ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ ከ100 የሚበልጡ የአጨዋወት ዓይነቶችን መመዝገባቸውን ስናነብ አፈርን። ለካ ከመካከላችን የተሳሳተ አልነበረም! እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን የታተመውን ብቻ እውነት ይሉታልና፣ አንዱን ደንብ ብቻ ብናሰራጭ የቀሩትን የምንቀብራቸው እኛው ነበርን።

ስለዚህ ሁለቱንም አጨዋወት አተምን፤ በመጽሐፉም መጨረሻ ሦስት ገጽ ባዶውን ትተን፣ «በእናንተ ቀዬስ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ከራስጌው አሰፈርን። ወደ ሄግ የላክነው ቅጂ ሲመለስ፣ ባዶው ገጽ ከቶ ሰምተነው በማናውቀው ደንብ ተሞልቶ አገኘነው። በዚያች ቅዳሜ ሽምብራውን ዘርግፈን እንደ ሕፃን መማር ጀመርን።